የእንግሊዝ የገጠር ቤት፦ ጥንታዊውንና ዘመናዊውን ስልት ለይቶ ማወቅና አስማምቶ መሥራት

የእንግሊዝን የገጠር ቤት ስልት ለመለየት የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በፊት ለፊቱ ገጽታና በዋናው በር ላይ ነው፤ ሆኖም ቤቱ ዕድሜውንና ወገኑን የሚናገረው በጣሪያው፣ በግድግዳውና በመስኮቱ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ገንዘብ የነበራቸው ባለቤቶች ከአያቶቻቸው የወረሱትን የእንጨት ቤት ከማፍረስ ይልቅ በመንገድ በኩል ያለውን ገጽ ብቻ ጊዜው በሚወደው ጡብ እያለበሱ የቀረውን እንደነበረ ይተዉት ነበር። በዚህም ምክንያት ከፊት ሲታይ የ1750ዎቹ የሚመስል ቤት ከጓሮው ሲታይ የ1500ዎቹ ሆኖ የሚገኝበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ቤቱን ዙሪያውን ዞሮ ማየት፣ ከዚያም ከጣሪያው ጀምሮ ወደ ታች መውረድ ነው። በተለይ የጭስ ማውጫውን ቦታ ልብ ይበሉ፤ ከጣሪያው መካከል ግዙፍ ጭስ ማውጫ ከወጣ፣ ከተስተካከለው የጡብ ገጽ ጀርባ የቆየ የእንጨት ቤት ሊኖር እንደሚችል መጠርጠር ተገቢ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው መሬቱ ነው

ባቡር በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አገሪቱን እስኪያዳርስ ድረስ፣ ወንዝ ወይም ቦይ በአቅራቢያው ከሌለ በቀር ድንጋይና ጡብ በጋሪ ራቅ ወዳለ ቦታ ማጓጓዝ እጅግ ውድ ስለነበር፣ ተራው ሰው ቤቱን የሚሠራው እዚያው በአካባቢው ባገኘው ነገር ነበር። በኮትስዎልድስ ኮረብታዎች ወርቃማ ቀለም ያለው የኖራ ድንጋይ በመኖሩ ግድግዳውም፣ የመስኮቱ ክፈፍም፣ የጣሪያው ክዳንም ከዚያው ድንጋይ የተጠረበ ነው። በኖርፎክ ለጥርብ የሚሆን ድንጋይ እንደልብ ስለማይገኝ ግንበኞቹ ከማሳ የተለቀመ ባልጩት ይጠቀማሉ፤ ባልጩት ግን ቀጥ ያለ ማዕዘን ስለማያወጣ የቤቱ ማዕዘኖችና የመስኮቶቹ ዙሪያ በጡብ ይታሰራሉ። በኬንትና በሰሴክስ የሸክላ ክዳን በጣሪያው ብቻ ሳይወሰን በፎቁ ግድግዳ ላይም ተደርድሮ ይታያል። በኤሴክስና በሰፎክ ደግሞ የእንጨቱ አካል በኖራ ልስን ተሸፍኖ፣ በልስኑ ላይ አበባና ሐረግ ተቀርጾበት ይገኛል። በዴቨን ግድግዳው ከጭድ ጋር የተቦካ ወፍራም ጭቃ ነው፤ እንዲህ ያለው ግድግዳ ጥሩ ባርኔጣና ጥሩ ጫማ ካገኘ ሌላ አይፈልግም ይባልለታል። ባርኔጣው ዝናቡን ከግድግዳው አርቆ የሚጥለው ሰፊ የሳር ክዳን ሲሆን ጫማው ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራው የድንጋይ መሠረት ነው።

ብዙ ሰው የእንግሊዝ የገጠር ቤት ሲባል ፈጥኖ የሚታየው በቼሺርና በአጎራባቾቹ አውራጃዎች የሚዘወተረው ጥቁርና ነጭ ቤት ነው። የዚህ ቤት አጥንት ኦክ የተባለው ጠንካራ እንጨት ነው። አናጺዎቹ ኦኩን ገና እርጥብ ሳለ ጠርበው በሚስማር ሳይሆን በእንጨት ችካል ያጋጥሙታል፤ በየመካከሉ ያለውን ክፍተት በቀጫጭን እንጨት ጠልፈው በጭቃ ይመርጉታል። እንጨቱ በቦታው እንዳለ እየደረቀ ስለሚሄድ መስመሩ ይጣመማል፣ መጋጠሚያው ግን ይብስ ይጠብቃል፤ በመሆኑም የተንጋደደ ወለልና የዘመመ በር ብቻውን የድክመት ምልክት አይደለም። በቼሺር የሚገኘው ሊትል ሞርተን ሆል በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ተጀምሮ በየትውልዱ እየተቀጠለ የሄደ ሲሆን፣ ኋላ ከላዩ በተጨመረው ረጅም አዳራሽ ክብደት የታችኛው እንጨት ጎብጦ እስከ ዛሬ ቆሟል። አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት፤ እንጨቱን ጥቁር መቀባት በአብዛኛው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ምርጫ ነው። ቀድሞ ኦኩ ሳይቀባ በራሱ ጊዜ ግራጫ እንዲሆን ይተዋል፣ ወይም ከልስኑ ጋር አንድ ላይ ኖራ ይቀባ ነበር። አሮጌ የእንጨት ቤት የገዛ ሰው ጥቁሩን ቀለም እንደ ቅርስ ቆጥሮ ከመድገሙ በፊት ይህን ቢያስብበት ይበጃል።

ጡቡና ክዳኑ

የጡብ አደራደር እንደ ቀን መቁጠሪያ የሚነበብ ነገር ነው ማለት ባይቻልም አቅጣጫ ያሳያል። በቱዶር ዘመን ማለትም በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ጡብ በእጅ የተበጀና ስስ ነው፤ አንዱ ረድፍ በሙሉ የጡቡን ረጅም ጎን፣ ቀጥሎ ያለው ረድፍ በሙሉ አጭር ጫፉን እያሳየ ይደረደራል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ደግሞ በአንዱ ረድፍ ውስጥ ረጅሙና አጭሩ ገጽ እየተፈራረቁ የሚቀመጡበት አሠራር ተስፋፋ፤ የጆርጂያን ቤቶች፣ ማለትም ከ1714 እስከ 1830 የተሠሩት፣ የጡብ ገጻቸው በአብዛኛው በዚህ የተሠራ ነው። ግድግዳው ረጅሙን የጡብ ጎን ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ብዙውን ጊዜ በውስጡ ባዶ ክፍተት ያለው ባለ ሁለት ንብርብር ግድግዳ ነው፤ ይህም በ20ኛው ክፍለ ዘመን በተለይም ከሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ጀምሮ የተለመደ ነው። አጭር ጫፍ የሚታይበት ግድግዳ በአብዛኛው ድፍን ነው፤ ይህ ልዩነት ቤቱን ሲያድሱ የሚመርጡትን የልስን ዓይነት ስለሚወስን በደንብ ይያዝ።

ጣሪያው የቀረውን ይናገራል። የሳር ክዳን ውኃ እንዳይዝ 50 ዲግሪ ገደማ የሆነ ቀጥ ያለ ተዳፋት ይፈልጋል። የኮትስዎልድስ የድንጋይ ክዳንም ቁልቁለቱ ቀጥ ያለ ሲሆን፣ ከታች በክፈፉ በኩል ትልልቁ፣ ወደ አናቱ ሲወጡ እያነሰ የሚሄደው ይደረደራል። በባቡር ከዌልስ የመጣው በስሱ የሚፈለጥ ግራጫ ድንጋይ ግን ቀላልና እኩል ተቆርጦ የሚመጣ ስለሆነ ለጥ ባለ ጣሪያ ላይም ይሠራል። ቀጥ ያለ ጣሪያ ላይ እኩል መጠን ያለው የዌልስ ድንጋይ ካዩ፣ ቀድሞ ሳር ወይም ሌላ ክዳን ኖሮት በኋላ የተለወጠ ሊሆን ይችላል።

መስኮቱን ጠጋ ብሎ ማየት

ከሁሉም ይበልጥ የሚያስተምረው መስኮቱ ስለሆነ እዚህ ላይ ጊዜ መውሰድ ተገቢ ነው። እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ መስኮት ማለት በድንጋይ ወይም በእንጨት ቋሚዎች የተከፋፈለ፣ ትንንሽ መስታወቶች በእርሳስ የተያያዙበት፣ በማጠፊያ እንደ በር የሚከፈት ነገር ነበር። መስታወት ውድ ስለነበር ትልቅ መስኮት የሀብት መግለጫ ሆነ፤ በደርቢሺር የሚገኘው ሃርድዊክ ሆል ከ1590 እስከ 1597 ሲሠራ ባለቤቷ ቤስ ኦቭ ሃርድዊክ ፊት ለፊቱን ከግድግዳ ይልቅ በመስታወት አስሞላችው።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተተው መስኮት መጣ፤ በግድግዳው ውስጥ በገመድ የተንጠለጠለ ክብደት ስለሚያመዛዝነው በአንድ እጅ ይነሣል። የጆርጂያን ዘመን፣ ማለትም ከ1714 እስከ 1830 ያለው ጊዜ፣ መለያው ይኸው መስኮት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከላይ ስድስት ከታች ስድስት መስታወት ይይዛል። መስታወቶቹን የሚለያዩት ቀጫጭን እንጨቶች በዘመኑ መጀመሪያ ወፍራሞች ነበሩ፤ እየቆየ ግን አናጺዎች እያቀጠኗቸው ሄደው በመጨረሻ የጣት ያህል ቀጠኑ። መስታወቱ እየተሽከረከረ በክብ ሰሌዳ መልክ የሚወጣ ስለነበር፣ ከጎን ሲያዩት ብርሃኑ በቀጫጭን የጎበጡ መስመሮች ይወላገዳል። የሰሌዳው መካከል እብጠት የተረፈበት ቁራጭ ርካሽ ስለነበር ለጓዳና ለበረት ይውል ነበር፤ ስለዚህ ዛሬ አንዳንድ ሰው ቤቱን ጥንታዊ ለማስመሰል እብጠት ያለበትን መስታወት በሳሎን መስኮት ላይ ሲደረድር፣ የዚያን ዘመን ጌታ ያፍርበት የነበረውን ነገር ማሳየቱ ነው።

በ1696 በመስኮት ቁጥር ላይ ግብር ተጣለ፤ የተነሣው በ1851 ነው። በጡብ የተደፈነ መስኮት ሁሉ ግን ግብር የሸሸ አይደለም፤ ብዙዎቹ ከመጀመሪያው የፊት ለፊቱን ሚዛን ለመጠበቅ ሲባል ዕውር ሆነው የተሠሩ ናቸው። በመስታወት ላይ የነበረው ቀረጥ በ1845 ሲነሣ ትልልቅ መስታወት ርካሽ ሆነ፤ መካከለኞቹ እንጨቶች ቀሩ፤ የመስታወቱ ክብደት የመስኮቱን ክፈፍ እንዳያላቅቀው ከላይኛው ክፈፍ ግርጌ በሁለቱም ጎን ትንሽ ቀንድ መሰል ጉጥ ተጨመረ። ጉጡ ካለ መስኮቱ የቪክቶሪያ ዘመን (ከ1837 እስከ 1901) ወይም ከዚያ ወዲህ ነው፤ የጆርጂያን ነው ተብሎ በሚሸጥ ቤት ላይ ይህን ካዩ ሻጩን መጠየቅ ነው።

ከቱዶር እስከ ቪክቶሪያ

የቱዶር ቤት ምልክት የሾለ ጣሪያ፣ የተጠማዘዘ የጡብ ጭስ ማውጫ፣ ወደ መንገድ ወጣ ያለ ፎቅና ዝቅተኛ ክፍሎች ናቸው። ከእሱ በኋላ የመጣው ትልቁ ለውጥ ከጣሊያን ነው፤ አርክቴክቱ ኢኒጎ ጆንስ በ1616 በግሪንዊች የጀመረው የንግሥቲቱ ቤት የጣሊያናዊውን አርክቴክት የፓላዲዮን የሚዛን ሥርዓት ወደ እንግሊዝ አስገባ፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ይኸው የሚዛን ፍቅር እስከ መንደር ቄስ ቤት ድረስ ወረደ። በእኔ ዓይን ከእንግሊዝ የገጠር ቤቶች ሁሉ ለኑሮ የሚመቸው ይህ የቄስ ቤት ነው፤ በሩ መካከል፣ በግራና በቀኙ እኩል መስኮቶች፣ ክፍሎቹ ረጃጅምና ብርሃን የሞላባቸው፣ መጠኑም አንድ ቤተሰብ የሚችለው ነው። እንደ ካስል ሃዋርድና እንደ ብሌንም ያሉት የ18ኛው ክፍለ ዘመን ታላላቅ ቤተ መንግሥቶች ለማየት እንጂ ለመቅዳት አይሆኑም።

የቪክቶሪያ ዘመን ባለሀብቶች የጎቲክ ቤተ ክርስቲያንን መልክ ወደ መኖሪያ ቤት አመጡ፤ በሰመርሴት ያለው ቲንትስፊልድ የዚህ ማሳያ ነው። በዚያው ዘመን ኢንጂነሩ ዊልያም አርምስትሮንግ በኖርዘምበርላንድ ክራግሳይድ የተባለውን ቤቱን በውኃ ኃይል በመነጨ ኤሌክትሪክ አብርቶ ነበር፤ እንግዲህ ጥንታዊ መልክና አዲስ ቴክኖሎጂ በአንድ ጣሪያ ሥር መኖራቸው የዛሬ ፈጠራ አይደለም።

ድልድዩ፦ አርትስ ኤንድ ክራፍትስ

ጥንታዊውንና ዘመናዊውን ማስማማት ለሚፈልግ ሰው ዋናው ትምህርት ቤት አርትስ ኤንድ ክራፍትስ፣ ማለትም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የእጅ ሥራን ከፋብሪካ ምርት ያስበለጠው እንቅስቃሴ ነው። አርክቴክቱ ፊሊፕ ዌብ በ1859 ለዲዛይነሩ ለዊልያም ሞሪስ የነደፈው ቀዩ ቤት ማንኛውንም ዘመን ሳይቀዳ፣ ክፍሎቹ እንደ አስፈላጊነታቸው ተዘርግተው፣ ጣሪያውም እነሱን ተከትሎ ከፍና ዝቅ ያለ ነው። ይኸው ሰው በምዕራብ ሰሴክስ ስታንደንን ከ1892 እስከ 1894 ሲሠራ በቦታው የነበረውን አሮጌ የገበሬ ቤት አላፈረሰም፤ አዲሱን ቤት ከእሱ ጋር በአንድ ግቢ አያይዞ፣ የአካባቢውን ድንጋይ፣ ጡብ፣ የሸክላ ክዳንና ሳንቃ በየክፍሉ እያፈራረቀ፣ ቤቱ ለዘመናት ቀስ በቀስ ያደገ እንዲመስል አደረገው። ሌላው አርክቴክት ሲ ኤፍ ኤ ቮይሲ ደግሞ በዊንደርሚር ሐይቅ ዳር በ1898 በሠራው ብሮድ ሌይስ ሻካራ ነጭ ልስን፣ ዝቅ ብሎ የተዘረጋ ጣሪያና በአግድም የተያያዙ መስኮቶች ተጠቀመ፤ ጌጡን ሲቀንሱለት ግማሽ መንገዱን ወደ 20ኛው ክፍለ ዘመን ሄዷል።

አርክቴክቱ ኤድዊን ሉቲየንስ ከሁሉም የላቀ ባለ ተሰጥኦ ነበር ቢባል የሚከራከር ጥቂት ነው፤ በሰሪ ለአትክልት ባለሙያዋ ገርትሩድ ጂኪል የሠራላት መንስተድ ውድ አሁንም የሚጠና ነው። ነገር ግን በዴቨን ከ1911 እስከ 1930 የሠራው ካስል ድሮጎ፣ ጠፍጣፋ ጣሪያው ዝናብ በበዛበት አካባቢ ከመጀመሪያው ጀምሮ በማፍሰሱ ባለቤቶቹን ለረጅም ዘመን አስቸግሯል። የአገሩን ዝናብ የማያከብር ንድፍ የታላቅ ሰው እጅ ቢሆንም አይማርም።

ዘመናዊው ቤት

በ1930ዎቹ ነጭና ጠፍጣፋ የኮንክሪት ቤቶች ወደ ገጠሩ ገቡ። በኤመርሻም ያለው ሃይ ኤንድ ኦቨር በሦስት ክንፍ የተዘረጋ ሲሆን፣ ወጣቱ ፓትሪክ ግዊን በ1938 በኢሸር ለወላጆቹ የሠራው ሆምውድ በምሰሶዎች ላይ ከፍ ብሎ አትክልቱን በረጅም መስታወት ያያል። ሁለተኛው የዘመናዊ ቤት ወገን የጎተራውን መልክ ይከተላል፤ ረጅምና ቀጥ ያለ ጣሪያ፣ ጥቁር ሳንቃ ወይም የአካባቢው ድንጋይ፣ ጥቂት ግን ትልልቅ መክፈቻዎች፣ ውስጡ ደግሞ ወለል የሚያሞቅ ቧንቧና ሙቀት የማያሳልፍ ወፍራም ግድግዳ። እኔ ብመርጥ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ከመልክዓ ምድሩ ጋር ሳይጣላ የዛሬን ኑሮ ያኖራልና።

በእንግሊዝ ከመንደር ተነጥሎ በገጠር መካከል አዲስ ቤት መሥራት በመሠረቱ አይፈቀድም። በ1997 ጆን ጉመር የአካባቢ ጉዳይ ሚኒስትር ሳለ ለላቀ ንድፍ የተለየ በር ተከፈተ፤ በ2004 ደንቡ ሲሻሻል ንድፉ አዲስ መንገድ የሚቀድድ እንዲሆን ጠየቀ፤ ዛሬም የላቀ ጥራት ያለውና አካባቢውን በእጅጉ የሚያሻሽል መሆኑን ማሳየት ግዴታ ነው። ይህ መንገድ ረጅምና ውድ ስለሆነ አብዛኛው ሰው ነባር ቤት ገዝቶ ቢቀጥልበት ይሻለዋል።

ሥራው ሲጀመር

ቤቱ በሕግ የተመዘገበ ቅርስ መሆን አለመሆኑን ሂስቶሪክ ኢንግላንድ ከተባለው የቅርስ ተቋም መዝገብ ያረጋግጡ። ደረጃዎቹ አንደኛ፣ ሁለተኛ ባለ ኮከብና ሁለተኛ ሲሆኑ ከተመዘገቡት ከ10 ዘጠኙ ያህል በሁለተኛው ደረጃ ይገኛሉ። ምዝገባው ፊት ለፊቱን ብቻ ሳይሆን ውስጡንም፣ በግቢው ውስጥ ከጁላይ 1948 በፊት የተሠራ አጥርና ጎተራንም ሊያካትት ይችላል። ያለ ፈቃድ የቤቱን ባሕርይ መለወጥ በወንጀል ያስጠይቃል፤ ከዚህም በላይ የቀድሞው ባለቤት ያለ ፈቃድ የሠራውን አዲሱ ባለቤት እንዲያፈርስ ሊታዘዝ ይችላልና ከመግዛትዎ በፊት ጠበቃዎ የፈቃዱን ወረቀት ይጠይቅ። በጣሪያው ውስጥ የሌሊት ወፍ ካለም በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ ክዳን ከመነካቱ በፊት ባለሙያ ማየት አለበት።

ድፍን ግድግዳ እርጥበት ይቀበላል፣ ነፋስና ፀሐይ ሲያገኝ ይመልሳል። ሲሚንቶ ይህን መንገድ ይዘጋበታል፤ ውኃው ውስጥ ታምቆ በክረምት በረዶ ሆኖ ሲረጋ ጡቡን ያፈነዳል፣ እንጨቱን ያበሰብሳል። ስለዚህ መጋጠሚያ ሲሞላ ማያያዣው ከጡቡ ወይም ከድንጋዩ ጥንካሬው ያነሰ፣ ማለትም ከኖራና ከአሸዋ የተሠራ ይሁን። የላላውን አሮጌ ማያያዣ በማሽን ሳይሆን በእጅ፣ ቢያንስ 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠልቀው ያውጡ፤ አቧራውን ያጥቡ፤ መጋጠሚያውን አርጥበው አዲሱን ከኋላ ጀምረው ጠቅጥቀው ይሙሉ፤ ከጡቡ ፊት ጥቂት ገባ አድርገው ይጨርሱ፤ ከዚያም እርጥብ ጆንያ ከልለው ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ያድርጉ። ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ በታች በሚወርድበት ወራት ይህን ሥራ አይጀምሩ።

የሚንሸራተተውን መስኮት በፕላስቲክ መተካት የቤቱን ፊት ከማበላሸት አልፎ ሊጠገን የሚችል ንብረት መጣል ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚበሰብሰው የታችኛው ደፍ ብቻ ስለሆነ የበሰበሰውን ቆርጦ አዲስ እንጨት መቀጠል፣ ገመዱን መለወጥ፣ በጠርዙ ብሩሽ መግጠምና ከውስጥ ሁለተኛ መስታወት መጨመር ብርዱን በብዙ ይቀንሳል።

አዲስ ክፍል ሲቀጥሉ ሁለት አዋጪ መንገድ አለ። አንዱ የስታንደን መንገድ ነው፤ በአካባቢው ማቴሪያል፣ ከዋናው ዝቅ ባለ ጣሪያ፣ ከፊት ለፊቱ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ መሥራት። ሌላው አሮጌውንና አዲሱን በጠባብ የመስታወት መተላለፊያ ለይቶ አዲሱን በግልጽ አዲስ ማድረግ ነው። የማይሳካው በመካከል ያለው ነው፤ የጆርጂያን መስኮት በግምት ቀድቶ፣ ውፍረቱን ስቶ፣ ከግድግዳው ፊት ጋር አስተካክሎ መለጠፍ።

ውስጡና ግቢው

በተለምዶ የእንግሊዝ የገጠር ቤት የውስጥ ስልት የሚባለው በአብዛኛው ከ1940ዎቹ ወዲህ የቤት ውስጥ አስጌጪው ጆን ፋውለርና ከአሜሪካ ቨርጂኒያ የመጣችው ናንሲ ላንካስተር አብረው ያበጁት ነው፤ ደብዘዝ ያለ የአበባ ጨርቅ፣ የተለያየ ዘመን ዕቃ፣ ሆን ተብሎ ያልተሟላ ሥርዓት። ለመከተል ቀላሉ ደንብ ሁሉንም ዕቃ ከአንድ መደብር በአንድ ጊዜ አለመግዛት ነው። ድንጋይ ንጣፍ ወለል ካለ በምንጣፍ አይሸፍኑት፤ ከሥሩ ያለው እርጥበት ይታመቃልና። በግድግዳው ላይም የፕላስቲክ ቀለም ሳይሆን ኖራ ወይም አየር የሚያሳልፍ ቀለም ይቀቡ። ዝቅተኛ ጣሪያ ባለው የቱዶር ክፍል ረጃጅም መጋረጃና ትልቅ ፋኖስ አይሰቀልም፤ ረጅሙ የጆርጂያን ክፍል ግን ሁለቱንም ይሸከማል።

በግቢው በኩል፣ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ባለርስቶች ከብቱ ወደ ሣሩ እንዳይገባ በአጥር ፈንታ አንዱ ጎኑ በግንብ የተደገፈ ቦይ ይቆፍሩ ነበር፤ ከቤቱ ሲታይ መስኩ ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ሰፊ መሬት ከሌለ የጂኪል ዘዴ ይበልጥ ይጠቅማል፤ በግንብ ሥር በሰፊ መደብ ቀለማቸው እየተሸጋገረ የሚሄድ አበቦች መትከል። መደቡን ሲያዘጋጁ ግን አፈሩ ከቤቱ ውስጥ ወለል ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለቱን ያረጋግጡ፤ በብዙ አሮጌ ቤቶች ከመሬት ወጣ የሚባለው እርጥበት መነሻው በየዓመቱ በግድግዳው ላይ የተቆለለ አፈር ነው፤ ያንን ቆፍሮ ማውረድም ለኬሚካል ሕክምና ከሚጠየቀው ገንዘብ በጣም ያነሰ ያስወጣል።